ማየትና መጎብኘት

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻ የመኝታ ክፍል ክርክር ነው። አንድ ምሽት ከመካከላችን አንዱ፣ «ትምህርት ስንጨርስ አገራችንን ዞረን ማየት አለብን፤ ሳያዩ መሞትማ ምን ይባላል!» ብሎ ተነሣና የቦታዎቹን ስም እንደ ዳዊት ይደግምልን ጀመር፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጢስ ዓባይ፣ የሰሜን ተራራ፣ ሶፍ ዑመር፣ የሐረር ግንብ፣ ዳሎል፣ ኦሞ። ሌላው ከአልጋው ሳይነሣ፣ «እሺ፣ አየኸው፤ ከዚያስ?» አለው። ነገሩ ለጊዜው በሣቅ አለፈ። ነገር ግን «ከዚያስ?» የምትለዋ ቃል እንደ እሾኽ ተሰክታ ቀረች፤ ሳምንቱን ሙሉ፣ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ሳይቀር፣ ስንጨቃጨቅባት ሰነበትን። ውብ አገር ለማየት መሄድ በጎ ሥራ ነውን? ወይስ በጎም ክፉም ያልሆነ፣ የኪስ ገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው? ያየነው ውበትስ ዕዳ ያስገባናል? ስድስት ሰዎች ነን፤ ተስማምተን አልጨረስንም። ስለዚህ የተስማማንበትንም ያልተስማማንበትንም እዚህ እንጽፈዋለን።

ከቃሉ እንጀምር። «ጎበኘ» የሚለው ግሥ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ሕመምተኛ ይጎበኛል፤ እስረኛ ይጎበኛል፤ ዘመድ ዘመዱን፣ ገበሬ ማሳውን፣ ንብ አርቢ ቀፎውን ይጎበኛል፤ ከመከራ የወጣ ሰውም «እግዚአብሔር ጎበኘኝ» ይላል። በእነዚህ ሁሉ ጎብኚው የሚሄደው ዓይኑን ሊያስደስት አይደለም። የሚጎበኘው እንዴት እንዳደረ ሊያውቅ፣ የጎደለ ካለም ሊሞላ ነው የሚሄደው። ባዶ እጁንም አይሄድም፤ ሌላው ቢቀር ሁለት ብርቱካን በፌስታል ይይዛል። «አገር ጎበኘሁ» ስንል ግን ብርቱካኑ ከቃሉ ውስጥ ወድቆ ዓይኑ ብቻ ይቀራል። ሕመምተኛ ጠይቆ ሲመለስ ስለ ክፍሉ መጋረጃ ማማር ብቻ የሚያወራ ሰው ብናገኝ ምን እንለዋለን?

ሽማግሌዎቻችን ወደ ላሊበላ ሲሄዱ «ለማየት ሄድን» አይሉም፤ «ለመሳለም ሄድን» ይላሉ። ለገና ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ድንጋይ መፈልፈሉን አላየም ማለት አይደለም። እንዲያውም ድንጋይ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ መሮ እጅን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ግን ዐይቶ አያበቃም፤ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ያኖራል። እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን፣ «ተሳላሚውን እንዲህ አታግንኑት፤ እሱም እኮ በረከት ሊቀበል ነው የመጣው። ቱሪስቱ ፎቶግራፍ፣ እሱ በረከት፤ ሁለቱም ይዘውት የሚሄዱት ነገር አላቸው» ሲል ተቃወመን። ጥሩ ተቃውሞ ነው። መልሳችን ይኸው ነው፤ በረከትን የሚሰጥህ አለ፤ እሱን ታመሰግናለህ። ፎቶግራፍን ግን ማንም አይሰጥህም፤ ታነሣለህ። ቋንቋችን ራሱ «ፎቶ አነሣ» ነው የሚለው፤ መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ የሚያነሣ ይመስል።

የቱሪዝም ነገር በአገራችን መልክ የያዘው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለዓለም አስተዋወቀ፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚያገናኘው የታሪክ ጉዞ መስመርም ለጎብኚ ተዋወቀ። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ይህን የምናነሣው ለጉራ አይደለም። (ትንሽ ጉራም አለበት፤ አንክድም።) ጎብኚ እንጀራ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ መጥቶ ጎብኚ ሲጠፋ በላሊበላ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ቀርጾ የሚሸጠው ምን ላይ እንደወደቀ የሰማ ሰው «ቱሪዝም የቅንጦት ወሬ ነው» ብሎ አይቀልድም። ስለዚህ «ጉብኝት ይቅር» የሚል ከመካከላችን የለም።

ክርክራችን ሥር የሰደደው ጢስ ዓባይ ላይ ነው።

ልጆች ሳለን በእጃችን ያለፈው የአንድ ብር ኖት፣ በ1969 ዓ.ም. የወጣው ዓይነት፣ ከፊቱ የአንድ ልጅ መልክ፣ ከጀርባው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበረበት። ከረሜላ ስንገዛ ስንት ጊዜ ፏፏቴውን አጣጥፈን ለባለሱቅ እንደሰጠነው እግዜር ይወቀው። ብዙዎቻችን ጢስ ዓባይን ያወቅነው በዚያች በላብ በለሰለሰች ወረቀት ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ ከመካከላችን ሦስታችን (ከአንድ ትምህርት ቤት የመጣን ነን) ከክፍላችን ልጆች ጋር ልናየው ሄድን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቧራ ጠጥተን፣ ወንዙን በጀልባ ተሻግረን፣ በዳገቱ ቁና ቁና እየተነፈስን ስንደርስ ያየነው ሰፊ ጥቁር ገደል ነው። ከገደሉ አንድ ጥግ፣ እንደ ተሰጣ ነጠላ፣ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ሌላው ድንጋይ ነው፤ ደረቅ ድንጋይ።

«ይቺን ለማየት ነው እንዴ እናቴ ያን ሁሉ ብር የሰጠችኝ? ተበላን!» አለ አንዱ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዱላቸውን ተደግፈው የሚያስጎበኙን ጋሼ ዝም ብለው ሰሙንና፣ «ልጆቼ፣ ውሃው እኮ አልጠፋም፤ ሥራ ሄዷል» አሉን። እኛ ሣቅን። እሳቸው አልሣቁም።

እውነትም ሥራ ሄዷል። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ፣ በቦይ ሄዶ ተርባይን የሚያዞርበት የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ኃይሉ 11.4 ሜጋዋት ሲሆን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መብራት ያገኘው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ፣ የሚወርደውን ውሃ የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ 73 ሜጋዋት ይዞ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ ተከፈተ፤ 460 ሜጋዋት። የዚህኛው ውሃ ጭራሹን በፏፏቴው በኩል አያልፍም፤ ከሐይቁ በሌላ ወገን ወጥቶ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ በተራራ ሆድ ውስጥ ሄዶ በለስ ወንዝ ይገባል፤ ዓባይን የሚያገኘው እጅግ ርቆ፣ ቆላ ወርዶ ነው። ክረምት ሲበረታ እስከ 400 ሜትር ስፋት ይዞ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል የሚዘለው ውሃ በበጋ ነጠላ የሚያህለው እንግዲህ በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። በ2002 ዓ.ም. አንድ ብር ሳንቲም ሆኖ ሲወጣ ፏፏቴው ከገንዘቡም ላይ ቀረ። በሳንቲሙ ላይ ያለው ሚዛን ነው።

ሚዛኑን እንያዝ እስቲ። ያን ቀን «ተበላን» ብለን የጮህነው ልጆች በዋዜማው ባሕር ዳር ባደርንበት ቤት አምፖል አብርተን፣ ስልካችንን ቻርጅ አድርገን፣ እስከ እኩለ ሌሊት ካርታ ስንጫወት ነበር። መብራቱ ከየትኛው ወንዝ እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠየቅም መልስ የለውም፤ መስመሩ ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ የየትኛው ወንዝ ውሃ የየትኛውን አምፖል እንዳበራ ለይቶ የሚናገር መሐንዲስ አይገኝም። በሌላ አነጋገር፣ ማታ የበላነውን ውሃ ጠዋት ከገደሉ ላይ አጣነው ብለን ነው የጮህነው። የተበላነው እኛ አልነበርንም፤ በላተኞቹ ነበርን እንጂ። ከመካከላችን ሁለቱ እስከ 8ኛ ክፍል በኩራዝ ያጠኑ ናቸው። ለነሱ ይህ ክርክር ክርክር አይደለም። አንደኛው ቃል በቃል ያለውን እንጽፈዋለን፤ «ፏፏቴ ቢደርቅ ምን ቸገረኝ፤ እኔ ያደግኩት አፍንጫዬ ውስጥ ጥላሸት ይዤ ነው።» ለዚህ ሰው ስለ ውበት መስበክ ያሳፍራል፤ አፍረናልም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥተን «ውበት የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ወደሚለው፣ በግቢያችን እንደ ጀግንነት ወደሚነገረው አባባል አንሄድም። «ጢስ እሳት» የሚለውን ስም ማን አወጣው? እ.ኤ.አ. በ1770 እዚያ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አይደለም። የቱሪስት ድርጅትም አይደለም። እዚያው የሚያርስ፣ ከብቱን እዚያው የሚያጠጣ፣ ምናልባትም ቁርሱን ያልበላ ሰው አንድ ማለዳ ቆም ብሎ፣ ውሃ እንደ ጢስ ሲወጣ ገርሞት የሰየመው ነው። ማንም አልከፈለውም፤ ማንም ትኬት አልቆረጠለትም። የተራበ ሰው ውበት አያይም ብሎ የሚያስተምረን ሁልጊዜ የጠገበው ነው። እንግዲህ ፏፏቴው ሲቀጥን የጎደለው የእኛ የግማሽ ቀን ትርኢት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች ሲነቁ የሚሰሙት ድምፅም ነው። ይህን በሜጋዋት መመዘን አይቻልም። የማይመዘን ነገር ሁሉ ግን ባዶ ነው ካልን፣ የእናት እንጉርጉሮም ባዶ ነው፤ የተስካር ለቅሶም ባዶ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከዚህ ጎን ሲቆሙ የጢስ ዓባይ ሁለት ጣቢያዎች ተደምረው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞሉም። እንግዲያው፣ አልን፣ ለፏፏቴው ፈቃድ ቢሰጠውስ? በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቢያርፍስ? የበለስን ጣጣ ለጊዜው ትተን ማለታችን ነው። ያው የኩራዙ ጓደኛችን፣ «የትኛውን ቀን? ቅዳሜን? ቱሪስት የሚመጣበትን ቀን?» ብሎ አሾፈብን። እውነቱን ነው። ፈቃዱን ያሰብነው ለሰፈሩ ሰዎች ብለን ሳይሆን ለራሳችን ዓይን ነበር፤ ሰፈሩን ጥግ አድርገን ለራሳችን እንለምን ነበር።

በፍልስፍና ክፍል ስለ ካንት ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ፍርድ ኃይል ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ የቤተ መንግሥት ምሳሌ ያመጣል። ይህ ቤተ መንግሥት ውብ ነው ወይ ተብዬ ብጠየቅ፣ ይላል በግርድፉ ሲነገር፣ እንደ ሩሶ ሆኜ የሕዝቡን ላብ ለማይረባ ነገር የሚያፈስሱ መኳንንትን ልራገም እችላለሁ፤ ይህን ሁሉ ብል ማንም አይከለክለኝም፤ ግን የተጠየቅኩት እሱን አይደለም። የተጠየቅኩት ነገሩ ሲታይ እንዲሁ ደስ ያሰኛል ወይ ተብዬ ነው። ስለዚህ የውበት ፍርድ ከማንኛውም ጥቅም ነጻ መሆን አለበት። ይህን የተማርን ዕለት ጎንደሬው ጓደኛችን፣ «የፋሲልን ግንብ ኖራ የተሸከመው ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?» አለ። ክፍሉ ሣቀ፤ መምህራችንም ሣቁ።

እኛ ግን ለካንት ትንሽ እንከራከርለት። ውብ ነገር ፊት ስትቆም መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ ነው። በዚያች ቅጽበት የኪስህን አታስብም፤ ረሀብህን አታስብም፤ ማን ሠራው፣ ማን ከፈለበትም አትልም። ያቺ ቅጽበት ሐሰት አይደለችም። ሰው ከራሱ ጥቅም ወጥቶ ሌላ ነገርን በልኩ የሚያይባት ቅጽበት ናት፤ ለሥነ ምግባርም ቢሆን ጥሩ ትምህርት ቤት ነች። ጥፋቱ የሚመጣው ቅጽበቷን ልናስረዝማት ስንፈልግ ነው። ጎብኚ ዓይን ብቻ አይደለም፤ ሆድ አለው፣ ጫማ አለው፣ የሚያድርበት ክፍል፣ የሚታጠብበት ውሃ ይፈልጋል፤ የሚከራከረውም ሒሳብ አለው። ካንት ራሱ ከኮኒግስበርግ ብዙም ሳይርቅ ኖሮ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የጂኦግራፊ ትምህርት ያስተማረ ሰው ነው፤ ሩቅ አገርን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነበር። በጀልባ ዋጋ ተጨቃጭቆ አያውቅም፤ «ጌታዬ፣ እስክርቢቶ ስጠኝ» ብሎ የተከተለው ሕፃንም የለም። (መምህራችን ይቅር ይበሉን።)

የሰሜን ተራራ ጉዳይ ከጢስ ዓባይ ይበልጥ ከበደን፤ ነገሩ የተገለበጠ ነውና። ጢስ ዓባይ ላይ ውበት ለሰው ኑሮ ሲባል ተነሣ። ሰሜን ላይ ግን ሰው ለውበት ሲባል ተነሣ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር በዱር የትም አይገኝም፤ የእግር ኳስ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከሱ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም አሉ። ግን ሰውም ነበረ፤ በዚያ ብርድ ገብስ የሚያርስ፣ በግና ፍየል የሚያሰማራ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባው፤ የዋልያው መመናመንና የሰው ሰፈራ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር፣ ከ400 የሚበልጥ አባወራ፣ ካሳ ተከፍሎት ወደ ደባርቅ ተዛወረ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ፤ ደስታም ሆነ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ስለሚለው ነገር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መፈናቀል ይለዋል፤ አውሮፓዊ አፍሪካን ሰው የሌለባት ገነት አድርጎ ስለሚያልማት፣ ሕልሙ እንዲሞላ ሰው ከገነቲቱ ይወጣል ባይ ነው። የአገሩን ሴቬን ተራሮች ምሳሌ ያነሣል። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተመዘገቡት እረኞቻቸው ስላሉ፣ የእርሻና የከብት እርባታ መልክዓ ምድር ስለሆኑ ነው። እዚያ እረኛው ራሱ ቅርስ ነው። እዚህ ግን እረኛው የቅርስ ጠላት ሆነ።

ይህን ስናነብ ደማችን ፈላ፤ ሦስታችን ወዲያው ከብላን ጋር ሆንን። ሦስቱ ግን አልተከተሉንም፤ ምክንያታቸውም ቀላል አልነበረም። አንደኛ፣ ገደል ላይ የታረሰ ገብስ አፈሩን ክረምት ይዞት ይወርዳል፤ ይህ የፈረንጅ ሕልም አይደለም፤ ማንም የደጋ ገበሬ የሚያውቀው ነው። ሁለተኛ፣ ዋልያ አቤቱታ ማቅረቢያ የለውም። ሰው ቢነሣ ሌላ ቤት ይሠራለታል፤ ዋልያ ግን ከዚያ ገደል ከጠፋ ጠፋ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ይበልጥ ዘለቀን፤ «እናንተ እዚያ በብርድ ገብስ እያረሰ እንዲኖር የምትፈልጉት ሰውየው ስለፈለገ ነው ወይስ መንደሩ ለዓይናችሁ ስላማረ?» አሉን። ሣር ክዳን ያለው ቤት፣ ጉም፣ እረኛ፣ ዋሽንት። እኛም ሰውየውን ለሥዕላችን ፈልገነው ነበር። ዩኔስኮ ከሥዕሉ አወጣው፤ እኛ ሥዕሉ ውስጥ ቁም አልነው። ምን ትፈልጋለህ ያለው ከሁለታችን ማን ነው?

እዚህ ላይ ተለያየን፤ እስከ ዛሬም እንደተለያየን ነን። በአንድ ነገር ብቻ ስድስታችንም ተስማማን፤ ዛሬ በግጭ ሜዳ የሚያልፍ ጎብኚ፣ ቤቱ በነበረበት ቦታ ቆሞ፣ «እጅ ያልነካው ተፈጥሮ!» ብሎ ቢያደንቅ ውሸት ተናገረ። ተነክቷል። የግድግዳ ድንጋይ እስኪነሣ ድረስ ተነክቷል። አድናቆቱን አንከለክለውም፤ ቦታው በእርግጥ ያስደንቃል። ነገር ግን ያ ጸጥታ በስንት ሰው መሄድ የመጣ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው ተራራውን ራሱ ገና አላየውም እንላለን።

ስለ ኦሞ ባጭሩ እንለፍ፤ ብዙ ተብሏልና። ሙርሲዎች ፎቶግራፍ ለሚያነሣቸው ሰው ዋጋ ይጠራሉ። ከዚያ የሚመለስ ጎብኚ፣ ሐበሻውም ፈረንጁም፣ ቅሬታው አንድ ነው፤ «ገንዘብ ለምደዋል፣ ተበላሽተዋል» ይላል። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፤ ራስ ደጀን ፎቶ ሲነሣ ሒሳብ አይጠይቅም። «ክፈለኝ» ያለህ ሰው «እኔ ተራራ አይደለሁም» ማለቱ ነው። ሌላ ቋንቋ ስላላስተረፍንለት በብር ቋንቋ ነገረን። ከፍሎ ማንሣት ሳይከፍሉ ከማንሣት ይሻል ይሆናል፤ ግን ከፍለህ ዝም ብለህ ከሄድክ ሸመትክ እንጂ አልጎበኘህም።

እንግዲህ «ከዚያስ?» ላለው ጓደኛችን ያለን መልስ ይህን ታህል ነው። ውብ ቦታ ማየት በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። ግን ያየነው ነገር ባለቤት አለው፤ ዋጋም ተከፍሎበታል፤ አንዳንዴ ሰው ለውበቱ ከፍሏል፣ አንዳንዴ ውበቱ ለሰው። የሕመምተኛ ጠያቂ «እንዴት አደርክ?» ብሎ መልሱን ቁጭ ብሎ እንደሚሰማ፣ አገር የሚጎበኝም ቢያንስ ይህን ጠይቆ መልሱን ቢሰማ ምን አለበት? መልሱ ጉብኝቱን ሊያበላሽበት ይችላል። የእኛን አበላሽቶብናል። ደግሞም ይህን ለመጻፍ የሚያበቃ ጉብኝት አለን ብለን አይደለም፤ የሚቀጥለው እንደዚህ ነውና።

ያን ቀን ጢስ ዓባይ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥተናል። ያነሣን ልጅ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ደረቁን ድንጋይ በትከሻችን አስሸፈነን፤ ውሃዋ ብቻ በጭንቅላቶቻችን መካከል እንድትታይ። ጋሼ ከጎናችን ቆመው ነበር። ለፎቶግራፉ ቆመው ይሁን ወይም ዝም ብለው፣ አናውቅም። «ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አልናቸው። ፈቀቅ አሉ።

ፎቶግራፉ ዛሬም ከመካከላችን በአንዱ ስልክ ውስጥ አለ። እናቱ ያኔ ሲያሳያት መጀመሪያ፣ «ውሃው የታለ?» አለችው። «ከኋላችን ነው» አላት። ቀጥላ በስተግራ ጥግ፣ ሳንጠነቀቅ የቀረች አንዲት ነገር አየችና፣ «ይህስ ምንድን ነው?» አለችው።

«ዱላ ነው።»

«የማን?»

ስማቸውን አልጠየቅናቸውም ነበር።